በሁለት እርምጃ ቦታ መሽከርከር

አዳዲስ ቃላት

ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት እነዚህን ቃላት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ።

ሽክርክሪት፦ ከቦታ ሳይለቁ መላልሶ መዞር።
ዛቢያ፦ አንድ ነገር ሲዞር በመካከሉ ጸንቶ የሚቆም መስመር። መሬትም በዛቢያዋ ላይ ትዞራለች እንላለን።
ባለጎማ ጫማ፦ ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች ያሉት መንሸራተቻ። ልጆች ስኬቲንግ ይሉታል።
የበረዶ ሸርተቴ፦ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ አድርጎ በረጋ በረዶ ላይ መንሸራተት።
ሊሾ፦ ተለስኖ የለሰለሰ የሲሚንቶ ወለል።
የእጅ አንጓ፦ ክንድና መዳፍ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ።

1. መንገድ ወይስ ግቢ?

በአዲስ አበባ ባለጎማ ጫማ ያደረጉ ልጆች አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ዋና መንገዶች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ፣ ከሯጩና ከብስክሌተኛው ጋር እነዚህ ልጆችም ወጥተው ነበር። ችግሩ ግን መንገድ ሁልጊዜ አይዘጋም። ዊንጌት ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። ከአስኮ በኩል የሚመጣው ጭነት መኪና አለ፤ ታክሲው አለ፤ አውቶቡሱ አለ። መንገዱም ቁልቁለትና ዳገት ነው። ጎማ ደግሞ ቁልቁለት ካገኘ ጌታውን አይጠይቅም።

ስለዚህ በየቤቱ ክርክር ይነሳል። እናት «ተው ልጄ፣ መኪና ይገጭሃል!» ትላለች። ልጅ ደግሞ «ታዲያ የት ልማር?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የዛሬው ትምህርታችን ለሁለቱም መልስ የሚሆን አንድ ነገር ያስተምረናል። እሱም ይህ ነው፦ መንሸራተት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ መሽከርከር ግን ሰፊ ቦታ አይፈልግም። ለጀማሪ ሽክርክሪት ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ የሆነ ለስላሳ ወለል ይበቃል። መኪና የማይገባበት ግቢ ይበቃል።

2. ሽክርክሪት ከየት መጣ?

በዊንጌት በረዶ የምናየው በክረምት ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው። ቆርቆሮውን ደብድቦ ወዲያው ይቀልጣል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ብርድ ሲጠና ወንዝና ሐይቅ ከላይ ይረጋል፤ ሰውም ይሄድበታል። በዚያ አገር የነበሩ ሰዎች በጥንት ጊዜ ከከብት አጥንት፣ በኋላም ከብረት መንሸራተቻ ሠርተው ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዱበት ነበር። መጀመሪያ መጓጓዣ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ጨዋታ፣ ከዚያም ውድድር ሆነ።

ጃክሰን ሄይንስ የሚባል አሜሪካዊ የባሌ ዳንሰኛ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይህን ጨዋታ ከዳንስ ጋር አገናኘው። በአገሩ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በተለይ ቪየና ላይ ተወደደ። ቁጢጥ ብሎ በአንድ እግር መሽከርከርን የፈጠረው እሱ ነው ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1908 የበረዶ ሸርተቴ በለንደን ኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። የባለጎማ ጫማ ጥበብም በ1947 እ.ኤ.አ. የራሱን የዓለም ሻምፒዮና ጀመረ። በበረዶ የሚሠሩት ሽክርክሪቶች በጎማም ይሠራሉ። ስለዚህ በረዶ የለንም ብሎ መተው አያስፈልግም።

አገራችንስ? በበረዶ ስፖርት ኢትዮጵያን በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በ1998 ዓ.ም. በኢጣሊያ ቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር ተወዳድሯል። የእሱ ውድድር በረጅም የእግር ሰሌዳ በበረዶ ላይ ረጅም መንገድ መሄድ እንጂ ሽክርክሪት አልነበረም። ሆኖም በረዶ የሌለው አገር ልጅ ከበረዶ ስፖርት የግድ አይርቅም።

3. እንዝርት ምን ያስተምረናል?

ጉለሌ የሸማኔ አገር ነው። ከዊንጌት እስከ ሽሮ ሜዳ ብዙ አይርቅም። በቤታቸው ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች ስለ ሽክርክሪት ከማንም በላይ ያውቃሉ። እስቲ እንዝርትን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀጭን ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ላይ የተሰካ ክብ ነገር አለው። ፈታይዋ ዘንጉን በጭኗ ላይ ፈተግ አድርጋ ትለቀዋለች። እንዝርቱ ቀጥ ብሎ ይሾራል። ዘንጉ የጎበጠ ከሆነ ግን ይወላገዳል፤ ፈትሉም ይበላሻል።

የሰው አካልም እንደዚሁ ነው። የሚሽከረከር ሰው ዘንጉ ከራሱ ጫፍ ተነሥቶ በአከርካሪው በኩል እስከ ቆመበት እግር ድረስ የሚወርደው መስመር ነው። ዛቢያ ያልነው ይህንን ነው። ወገቡ ከተሰበረ፣ አንገቱ ካቀረቀረ፣ ትከሻው ወደ አንድ ጎን ከወደቀ፣ እንደ ጎበጠ እንዝርት ይወላገዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ዘንግህን አቅና።

ሁለተኛው ሕግ ክብደትን ይመለከታል። የሚሽከረከር ወንበር ካገኛችሁ ይህን ሞክሩ። አንድ ሰው ይቀመጥ፤ በሁለት እጁ አንድ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ፤ እጆቹን ወደ ጎንና ጎን ይዘርጋ። ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ያዙረውና ይልቀቀው። የተቀመጠው ሰው አሁን እጆቹን ወደ ደረቱ ይሰብስብ። ወንበሩ በድንገት ይፈጥናል። እጁን እንደገና ሲዘረጋ ይዘገያል። እንዴ! ማንም ሳይገፋው እንዴት ፈጠነ?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከመሃል የራቀ ክብደት ለማዞር ይከብዳል፤ ወደ መሃል የቀረበ ክብደት ይቀላል። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ያህል ያስቸግራል። ጠርሙሱ ከመሃል 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከነበረና ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከመጣ፣ እሱን ለማዞር ያለው ችግር ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰውየው መጀመሪያ ያገኘው ዙር ከእሱ ጋር ነው፤ የሚያስቸግረው ነገር ሲቀንስ ግን ፍጥነቱ ይጨምራል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት ከኃይለኛ ግፊት የሚመጣ ይመስለዋል። ራሱን በኃይል ይወረውራል፤ ከዚያም ይወድቃል። በእርግጥ መነሻ ግፊት ያስፈልጋል። ነገር ግን ፍጥነት የሚመጣው ዘንጉን አቅንቶ፣ ቀስ ብሎ እጁን ወደ መሃል ከመሰብሰብ ነው። ካናዳዊቷ ኦሊቪያ ኦሊቨር በ2015 እ.ኤ.አ. በአንድ ደቂቃ 342 ዙር በሚሆን ፍጥነት በበረዶ ላይ ተሽከርክራ የዓለም ሪኮርድ አስመዝግባለች። ይህ በአንድ ሴኮንድ ስድስት ዙር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። እሷም ብትሆን በሁለቱ ሕጎች ነው የተሽከረከረችው፤ ሌላ ሕግ የለም።

4. አንደኛ ደረጃ፦ ያለ ጫማ

ጎማ ከማሰራችሁ በፊት በቤት ውስጥ ተለማመዱ። ወለሉ ሊሾ ወይም ጣውላ ይሁን፤ ካልሲ አድርጉ፤ በአቅራቢያ ስለታም ነገር ወይም የከሰል ምድጃ አይኑር።

ሀ. ወደ የትኛው ጎን መዞር እንደሚቀላችሁ ፈልጉ። አብዛኛው ሰው ወደ ግራ ይቀለዋል። እኛም ወደ ግራ ብለን እንጽፋለን። ወደ ቀኝ የሚቀለው ሰው ግራ የተባለውን ቀኝ፣ ቀኝ የተባለውን ግራ አድርጎ ያንብብ።

ለ. በግራ እግር ብቻ ቁሙ። ቀኙን ትንሽ አንሡ። እስከ አሥር ቁጠሩ። ሳይነቃነቁ አሥር ያልደረሰ ሰው በጎማ ላይ አይሽከረከርም። በየቀኑ ይለማመድ።

ሐ. በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ «ወደ ግራ ዙር!» ሲባል ምን ታደርጋላችሁ? በግራ ተረከዝና በቀኝ እግር ጣቶች ላይ ትዞራላችሁ። ይህንኑ አድርጉ። መጀመሪያ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። የሁለት እግር ሽክርክሪት ሥሩ ይኸው ነው።

መ. ዓይናችሁ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይይ እንጂ እግራችሁን አይይ። የሰው ራስ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል። ራስ ካቀረቀረ አካልን ይዞት ይሄዳል።

5. ሁለተኛ ደረጃ፦ በሁለት እግር

አሁን ጎማውን እሰሩ። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ይያዝ፤ የላላ ጫማ እግርን ይሰብራል። ሜዳውን ጥረጉ። አንዲት ጠጠር ጎማን ታቆማለች።

ሀ. እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ክፈቱ። ጉልበት ይተጠፍ።

ለ. ሁለት እጆችን ወደ ቀኝ ውሰዱ። ከዚያ ሳትቸኩሉ፣ ግን ቆርጣችሁ፣ ወደ ግራ አምጧቸው። አካል ይከተላል። ክብደት በግራ ተረከዝና በቀኝ ጣት በኩል ይሁን።

ሐ. መዞር ስትጀምሩ ጉልበትን ቀጥ እያደረጋችሁ ተነሡ። እጃችሁ ከፊት ለፊት እንስራ እንዳቀፈ ሰው ክብ ይሥራ።

መ. አንድ ዙር ሙሉ በዚያ ሁኔታ ዙሩ። መሃሉን መያዛችሁን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ እንስራውን ወደ ደረታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ፍጥነቱ በራሱ ይመጣል።

ሠ. ለመቆም እጃችሁን ክፈቱ፤ ጉልበት እጠፉ። እጅ ሲከፈት ዙሩ ይዘገያል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዙር ይበቃል። ሦስት ንጹሕ ዙር ከአሥር የተወላገደ ዙር ይበልጣል። ቦታ እየለቀቃችሁ ከሄዳችሁ፣ በአብዛኛው ምክንያቱ መሃሉን ሳትይዙ እጅ መሰብሰባችሁ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? መሬት ላይ በጠመኔ አንድ ክብ ሥሩና ከክቡ ሳትወጡ ለመጨረስ ሞክሩ። ክቡ እውነቱን ይነግራችኋል።

6. ሦስተኛ ደረጃ፦ በአንድ እግር

በሁለት እግር አምስት ዙር ከክብ ሳይወጡ መዞር የቻለ ሰው ወደዚህ ይለፍ። አጀማመሩ ያው ነው። መዞር ከጀመራችሁ በኋላ ክብደታችሁን ወደ ግራ እግር አሳልፉ። ቀኝ እግራችሁን ከመሬት ጥቂት አንሡ፤ ከዚያ ወደ ግራ ጉልበት አቅርቡት። ቀኝ እግርም ክብደት ነው፤ ከራቀ ያዘገያል፣ ከቀረበ ያፈጥናል። ሲያበቃ ቀኙን መሬት አስነክቶ፣ እጅ ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ተንሸራቶ መውጣት ነው።

በበረዶ ላይ የሚማር ዘመድ በውጭ አገር ያለው ሰው ይህን ይንገረው፦ በስለት ላይ የሚዞሩት በእግር ፊተኛው በኩል፣ ከስለቱ ጫፍ ጥርሶች ትንሽ ወደ ኋላ ባለው ቦታ ነው። በጥርሱ ላይ ከቆሙ በረዶውን ይፍቃል፤ በተረከዝ ከቆሙ ወደ ኋላ ይጥላል።

7. ራስ ለምን ይዞራል?

በብርጭቆ ያለ ሻይ አማስላችሁ ማንኪያውን አውጡ። ማንኪያው ወጥቷል፤ ሻይ ቅጠሉ ግን ገና ይዞራል። በጆሯችን ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበት መሳይ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አካል ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም «እየዞርን ነው» ብሎ ይረዳል። አካል በድንገት ሲቆም ፈሳሹ ጥቂት ይቀጥላል። አንጎል ግራ ይጋባል፤ ቤቱ የሚዞር ይመስለናል።

ይህ በሽታ አይደለም። በልምምድ ይቀንሳል። የባሌ ዳንሰኞች በየዙሩ ዓይናቸውን ወደ አንድ ቦታ እየመለሱ ራሳቸውን ያረጋጋሉ። በፈጣን ሽክርክሪት ላይ ግን ለዚያ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጀማሪ ሲቆም ወዲያው አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የበር ጉበን፣ ፈልጎ ዓይኑን ይትከል። ራሱ እስኪረጋጋ ድረስ ሌላ ዙር አይጀምር። ባዶ ሆዱን ወይም ገና ጠግቦ የበላ ሰውም አይሽከርከር። ጆሮውን የሚያመው ሰው ወይም ቁጭ ብሎ ሳለ ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ።

8. አወዳደቅ ይማሩታል ወይ?

አዎን፣ ይማሩታል። እንዲያውም ከመሽከርከር በፊት ነው የሚማሩት። በባለጎማ ጫማ ከሚደርሰው ጉዳት ዋናው የእጅ አንጓ ስብራት ነው። ሰው ሲወድቅ እጁን ወደ መሬት ይዘረጋል፤ የአካሉ ክብደት በሙሉ በአንጓው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ መውደቅ እንደ መጣ ሲታወቅ ከመሬት ጋር አትታገሉ። ጉልበት አጥፋችሁ ዝቅ በሉ፤ በጎን፣ በዳሌና በጭን ሥጋማ ክፍል ላይ ውደቁ፤ እጅን ወደ ደረት ሰብስቡ፤ አገጭን ወደ ደረት አቅርቡ። በሣር ላይ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። የራስ ቆብ፣ የጉልበት፣ የክርንና የአንጓ መከላከያ ያለው ያድርግ። ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነ የራስ ቆቡ ይቅደም። የተሰበረ እጅ ይጠገናል፤ ራስ ግን አይተካም።

ወድቆ አንጓው ያበጠ ወይም የተጣመመ ልጅ በወጌሻ አይታሽ። እጁን በካርቶንና በነጠላ ደግፋችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

9. ትንሽ ቦታ የበቃት ሴት

ሜቤል ፌርባንክስ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። የተወለደችው በ1915 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ነው። በወጣትነቷ ኒው ዮርክ ሳለች የበረዶ ሸርተቴ አይታ ወደደችው። በአንድ ዶላር አሮጌ ጫማ ገዛች። ጫማው ሁለት ቁጥር ይበልጣት ስለነበር ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ወደ በረዶ ሜዳ ስትሄድ ግን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አትገቢም ተባለች።

ምን አደረገች? አጎቷ ከቆርቆሮና ደረቅ በረዶ ከሚባለው ነገር በክፍሏ ውስጥ ትንሽ የበረዶ ሜዳ ሠራላት። ስፋቱ ስድስት ጫማ በስድስት ጫማ ነበር፤ በእኛ መለኪያ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ቦታ ላይ ማን መንሸራተት ይችላል? ማንም አይችልም። መሽከርከር ግን ይቻላል።

ሜዳው በር ላይም ተመላልሳ በመጨረሻ ገባች። ሆኖም በዘመኑ የነበሩ ክለቦች ስላልተቀበሏት በኦሎምፒክ ለመወዳደር አልቻለችም። ይህ በደል ነው፤ በኋላ የመጣ ክብርም አይመልሰውም። እሷ ግን አሠልጣኝ ሆነች። ታይ ባቢሎኒያንና ራንዲ ጋርድነርን በልጅነታቸው ያጣመረቻቸው እሷ ናት፤ ሁለቱ በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ሜቤል በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ የክብር መዝገብ ገባች። በ2001 እ.ኤ.አ. ዐረፈች።

10. ለእናቶችና ለአባቶች

አንዳንድ አባት «ይህ የልጅ ጨዋታ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ይሆናል። ልጅዎ ጎማውን አስሮ መንገድ ላይ ሲወጣ፣ «ተው» ከማለት ሌላ የሚሉት ነገር ይኖርዎታል። ልጅ ተው የተባለውን ከቤት ራቅ ብሎ ያደርገዋል። አንዳንዱም ከመኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ዳገቱን ይወጣል፤ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ነገር ግን «ግቢውን ጥረግ፤ በጠመኔ ክብ ሥራ፤ ከክቡ ሳትወጣ አምስት ዙር አሳየኝ» ቢሉት፣ ልጁ መንገዱን ለአንድ ወር ይረሳዋል። ዙሩን እየቆጠሩለት ቢያዩት ደግሞ የበለጠ ይተጋል። ግቢ የሌለው ሰው ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ የጋራ መተላለፊያውን በተራ መጠቀም ይችላል።

ጥያቄዎች

ሀ. መንሸራተትና መሽከርከር በቦታ ፍላጎት እንዴት ይለያያሉ?
ለ. የጎበጠ እንዝርት ምን ይሆናል? የሚሽከረከር ሰውስ መቼ እንደዚያ ይሆናል?
ሐ. የሚዞር ሰው እጁን ሲሰበስብ ለምን ይፈጥናል?
መ. በደቂቃ 342 ዙር የሚዞር ሰው በ10 ሴኮንድ ስንት ዙር ይዞራል?
ሠ. ስንወድቅ እጃችንን ወደ መሬት መዘርጋት ለምን ይጎዳል?
ረ. ሜቤል ፌርባንክስ ሜዳ በተከለከለች ጊዜ ምን አደረገች? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መልመጃ

በቤታችሁ ወይም በግቢያችሁ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ቦታ በሜትር ለኩ። ከተገኘ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ካልተገኘ በሠፈራችሁ መኪና የማይደርስበት ቦታ የት እንዳለ በአራት መስመር ጽፋችሁ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንብቡልን።